ልጅህ ማሞቂያ ውስጥ ሳለ አባት ምን ይሠራል?

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረቻት! ይህን የሚልህ ሰው እንዳጣህ ከጽሑፍህ ገብቶኛል። ልጅ ማሞቂያ ሲገባ ሰው ሁሉ «እንዴት ሆነ?» ይላል እንጂ እንኳን ደስ ያለህ ማለቱን ይረሳል።

ጥያቄህ ይሄ ነው፦ ሚስትህ በ30 ሳምንቷ ወለደች፣ ልጁ 1300 ግራም ነው፣ ማሞቂያ ክፍል ተኝቷል። እናቱ ወተት ታመጣለች፣ ሐኪሞቹ ያክማሉ፣ አንተ ኮሪደር ላይ ትቆማለህ። «አባት እዚህ ቦታ ምን ይሠራል?» ብለሃል።

እኔም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። ልጄ ስትወለድ ከአንተ ልጅ ታንስ ነበር። ዛሬ አራት ዓመቷ ነው፣ ስልኬን ከወሰደች አትመልስም። ሐኪም ስላልሆንኩ ስለ ሕክምናው ሐኪሙን ስማ። የአባትን ሥራ ግን ልነግርህ እችላለሁ። ሥራው ሞልቷል።

ከወተቱ እንጀምር። «እሱ የእናት ጉዳይ ነው» ብለህ እንዳትተወው። በ30 ሳምንት የተወለደ ልጅ መጥባቱን፣ መዋጡንና መተንፈሱን ማቀናጀት ገና አይችልም። ስለዚህ የታለበ የእናቱ ወተት በቀጭን ቱቦ በአፍንጫው ወይም በአፉ ይገባለታል። መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ስታየው «ይሄ ምን ሊያደርግለት?» ትላለህ። አንጀቱ ገና ጨቅላ ስለሆነ ቀስ እያሉ ማለማመድ አለባቸው። የእናት ወተት ደግሞ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን ከሚያጠቃው ከባድ የአንጀት ሕመም ይከላከላል። ለዚህ ነው ሲስተሮቹ ወተት ወተት የሚሉት።

ሚስትህ ጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የሚጠባት ልጅ አጠገቧ የለም። ጡቷ እንዳይደርቅ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ማለብ አለባት፣ ሌሊትም ጭምር። ወልዳ የደከመች፣ ልጇን ያላቀፈች ሴት በውድቅት ሌሊት ብቻዋን ተነስታ ስትታለብ አስበው። የሌሊቱን አላርም አንተ ሙላ። ዕቃውን አንተ እጠብ፣ አንተ ቀቅል። ውኃና አጥሚት አቅርብላት። አንዳንዴ የሚወጣው ጠብታ ብቻ ይሆንና ታለቅሳለች። ያቺን ጠብታም በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ሰብስበህ ውሰዳት፣ ትጠቅማለች። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንገር እንዳይደፋ ጠብቅ። ሚስትህ ቀድማ ከሆስፒታል ከወጣች አመላላሹ አንተ ነህ። አዲስ የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጪ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ። ዕቃው ላይ ስምና ሰዓት ጻፍበት። ክፍሉ ከዚህ የጠበቀ ደንብ ካለው የእነሱን ተከተል።

አደራ፣ ልጁን ቅቤ ላልስ የሚል ዘመድ ካለ በሩ ላይ አስቁመው። እኛም ቤት ነበሩ። በክፋት አይደለም፣ በእነሱ ጊዜ ልጅ የሚጠነክረው እንደዚያ ይመስላቸው ነበር። እዚህ ላይ ግን ይሉኝታ አያዋጣም።

ወደ ክፍሉ ስትገባ ቀለበትህንና ሰዓትህን አውልቀህ እስከ ክርንህ ታጠብ። ከዚያ ማሽኑ ላይ አታፍጥ። እግሩ ላይ የታሰረችው የኦክስጅን መለኪያ ቀይ መብራት ልጁ ሲንቀሳቀስ ትንሸራተትና ማሽኑ ይጮሃል። አንድ ሲስተር «መጀመሪያ ልጁን እይ፣ ከዚያ ስክሪኑን» ብላ አስተማረችኝ። የደረቱን መነሳት፣ የከንፈሩን ቀለም እይ። እነዚህ ልጆች መተንፈስ የሚረሱበት ጊዜ አለ፤ አእምሯቸው ገና ስላልበሰለ ነው። ሲስተሯ የእግሩን መዳፍ ወይም ጀርባውን ነካ ነካ ስታደርገው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። መጀመሪያ ስታይ አብረህ ትንፋሽ ታቆማለህ። እያደር ትለምደዋለህ አልልህም፣ ግን ምን እየሆነ እንደሆነ ታውቃለህ።

«ኦክስጅኑን ለምን ይቀንሱበታል?» ብለህም ጽፈሃል። እኔም በዚህ ነገር ተናድጄ ሐኪም ተከትዬ ጠይቄያለሁ። መልሱ ይሄ ነው፦ ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን ያልበሰለውን የዓይን የደም ሥር ይጎዳል። በ1940ዎቹና 50ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይህ ሳይታወቅ ብዙ ሕፃናት ዓይናቸውን አጥተዋል። በ1950 ያለ ጊዜው የተወለደው ዘፋኙ ስቲቪ ወንደር አንዱ ነው። ስለዚህ ሲቀንሱለት ስስት አይደለም። ይልቅ «የዓይን ምርመራ መቼ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ከ1500 ግራም በታች የተወለደ ልጅ፣ ዓይኑ ደህና ቢመስልም፣ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ በዓይን ሐኪም መታየት አለበት። ይህን ማንም ሳያስታውስህ አንተ ያዘው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራህ። ደረትህ። የካንጋሮ እንክብካቤ ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ፣ ራቁት ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰራል፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተጣጥፈው፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ሳይደፋ። የተጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ነው። ኤድጋር ሬይ የሚባል ሐኪም ማሞቂያ ሲያጥረውና ሕፃናት በኢንፌክሽን ሲያልቁበት እናቶቹን ማሞቂያ አደረጋቸው። የድሃ አገር መላ መስሎ ነበር። በ2022 ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከሆስፒታል ማሞቂያ ይልቅ ብዙ ሕይወት እንደሚያተርፍ አይቶ፣ ወዲያው ከወሊድ በኋላ እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን መክሯል። 24 ሰዓት ለአንዲት እናት ይከብዳል። አባት ለምን ተፈጠረ?

እኔ ስጠይቅ መጀመሪያ «ይሄ የእናቶች ክፍል ነው፣ ወንድ አይገባም» ተባልኩ። አልተቆጣሁም፣ አልሄድኩምም። የክፍሉን ኃላፊ በትሕትና ለመንኩ፤ መጋረጃ ተጋርዶ በተወሰነ ሰዓት ተፈቀደልኝ። አንተም የልጁ ሁኔታ ለዚህ መቼ እንደሚደርስ ሐኪሙን ጠይቅና ቦታህን ያዝ። በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ልበስ፣ ሽቶ አትቀባ፣ ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ይሄ ማቆሚያህ ነው። ስታቅፈው ትንፋሹ ይረጋጋል፣ ሙቀቱ ይስተካከላል። እንዲህ ካልኩህ ሌላ ቃል አልጨምርም፣ ደርሰህ እየው።

ስለ ክብደት፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳል። የተለመደ ነው፣ የተወለደበትን ለመመለስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በቀን ጥቂት ግራም ይጨምራል። በየቀኑ ሚዛኑን ለዘመድ አታሰራጭ። አንድ ቀን ሲወርድ ሃያ ሰው ይደውልልሃል። አንድ ወሬ ነጋሪ፣ ለምሳሌ ወንድምህን፣ ሹም፤ ሌላው እሱን ይጠይቅ።

ሚስትህን ደግሞ ከሰው አፍ ጠብቃት። «ከባድ ነገር አንስተሽ ነው»፣ «ተቆጥተሽ ነው» የሚላት አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ያለ ጊዜ የመውለድ ምክንያቱ አይታወቅም፤ ደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን፣ መንታ የመሳሰሉት ሲገኙም ጥፋቱ የእሷ አይደለም። «የሰባት ወር ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም» የሚለውንም ተወው። ማኅፀን ውስጥ በቆየ ቁጥር ዕድሉ ይጨምራል፣ ሌላ ሒሳብ የለውም።

ክርስትና ላነሳኸው፦ ለወንድ 40 ቀን ቢሆንም ልጁ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካለ ቀኑ ሳይደርስ ሊጠመቅ ይችላል፤ ንስሐ አባትህን አማክር። ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነም የሚያጽናናችሁን ሰው አስቀድማችሁ አግኙ። ስሙን ግን አውጣለት። ካርዱ ላይ «የእገሌ ልጅ» ተብሎ መቆየቱ እኔን ይከብደኝ ነበር።

ሥራህን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አባት የሚያገኘው ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ቀን ብቻ ነው። ይህ ኮሪደር ላይ ያልቃል። የዓመት ፈቃድህን ግን ሁሉንም አሁን አትጨርስ። ማሞቂያ ክፍል ሳለ ቢያንስ ሲስተሮች አሉት። ቤት ሲገባ ሲስተሩ አንተ ነህ፤ ያኔ ነው የምትፈለገው። ከውጭ ግዙ ለሚባሉ መድኃኒቶችና ዕቃዎችም ትንሽ ገንዘብ ለየት አድርገህ ያዝ፣ ደረሰኙን አትጣል።

ቤት ሲገባ የአራስ ጥየቃውን አሳጥሩት፣ ጉንፋን ያለበት አይግባ፣ ማንም ልጁን አይሳም። ክትባቱ ከተወለደበት ቀን ይቆጠራል። እድገቱን ስትመዝን ግን ሊወለድ ከነበረበት ቀን ቁጠር፤ አለበለዚያ ከጎረቤት ልጅ ጋር እያወዳደርክ ትታመማለህ። መጥባት ካቆመ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አተነፋፈሱ ከተቀየረ እስኪነጋ አትጠብቅ።

በመጨረሻ፣ ትናንሽ ኮፍያና ካልሲ ገበያ ላይ በልኩ አይገኝም። እኛ ጋ የሴት ቀለም ነው እንጂ ታጥቦ የተቀመጠ አለ። የምታድሩበትን ሆስፒታል በውስጥ መስመር ንገረኝና ቅዳሜ ይዤልህ እመጣለሁ።