ስለ 4,294,967,297 የፈለጋችሁትን ጠይቁ

ቁጥሩ 2³²+1 ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ብሎ ያምን ነበር፤ አይደለም። ጥያቄዎቻችሁን እያየሁ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፌርማን የሚያህል ሰው እንዴት ተሳሳተ?

መልስ፦ ከፊቱ ያሉት አሳሳቱት። 2¹+1፣ 2²+1፣ 2⁴+1፣ 2⁸+1፣ 2¹⁶+1 ሲሰሉ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይሆናሉ፤ አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው የእኛው ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳየ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን 641ን ከየት አመጣው? አንድ በአንድ ሲያካፍል ከርሞ ነው?

መልስ፦ ያን ያህል ልፋት የለውም። የዚህ ቁጥር አካፋይ የሆነ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ይህን ከሚያሟሉት ብቸኛ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ነገሩ ያልቃል። ፌርማ እዚህ ድረስ አለመሄዱ እስካሁን ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ረጅሙን ማካፈል ሳልሠራ ማረጋገጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው ይሄ ነው። 641ን በሁለት መንገድ ጻፈው፦ 5×2⁷+1 እና 5⁴+2⁴። ከመጀመሪያው እንደምታየው፣ ለ641 ስናካፍል 5×2⁷ን በ−1 መተካት እንችላለን። አራት 5×2⁷ዎችን አንድ ላይ ስታባዛ 5⁴×2²⁸ በ1 ይተካል። ከሁለተኛው ደግሞ 5⁴ በ−2⁴ ይተካል። አስገባው፦ −2³² በ1 ተተካ ማለት ነው። ስለዚህ 2³²+1 ምንም ሳይተርፍ ለ641 ይካፈላል።

ጥያቄ፦ ሌላ አካፋይስ?

መልስ፦ 6,700,417ም ብቸኛ ስለሆነ፣ 1ንና ራሱን ጨምሮ አካፋዮቹ አራት ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ነው የሚባለውስ?

መልስ፦ ያውም በሁለት መንገድ፦ 65,536²+1² እና 62,264²+20,449²። ብቸኛ ቢሆን ኖሮ መንገዱ አንድ ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሁለተኛውን ያገኘ ሰው 641ን ሳያውቅም ውህድነቱን (ብቸኛ አለመሆኑን) አረጋግጧል። (20,449 ራሱ 143² ነው፤ ለጨዋታ ያህል።)

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ የማየው 4,294,967,295 ዘመዱ ነው?

መልስ፦ ጎረቤቱ ነው። እሱ በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚይዙ ቦታዎች) የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ነው፤ የእኛው 33 ቢት ይፈልጋል፦ ዳርና ዳር 1፣ መሃል 31 ዜሮ። ጎረቤቱ ግን 3×5×17×257×65,537 ነው፤ እነዚያው አምስቱ! በዚህም የተነሳ፣ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠሩ ከሚችሉት እኩል ጎንና ማዕዘን ያላቸው ጎነ ብዙዎች መካከል፣ እስካሁን የሚታወቀው ትልቁ ኢ-ተጋማሽ የጎን ብዛት ይሄ ሆኗል። ማን ቁጭ ብሎ ይሥለዋል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ፌርማ ብቸኛ ቁጥርን የሚፈትንበት የራሱ ሕግ አልነበረውም?

መልስ፦ ነበረው፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ፣ ከተፈታኙ ቁጥር በአንድ ያነሱ 2ዎችን እርስ በርስ አባዝተህ ለቁጥሩ ስታካፍል 1 ካልተረፈ ብቸኛ አይደለም ይላል (2ን ራሱን ሳይጨምር)። 4,294,967,297 ግን ውህድ ሆኖ ሳለ ፈተናውን ያልፋል። በ2 ፋንታ በ3 ቢፈትነው ኖሮ ይወድቅ ነበር።

ጥያቄ፦ በዚህ ተርታ ከ65,537 ወዲህ ሌላ ብቸኛ ተገኘ?

መልስ፦ አንድም። ኤክስፖነንታቸው (2 ላይ የሚጻፈው ትንሹ ቁጥር) በየተራው እጥፍ እየሆነ ከ2⁵ እስከ 2³² ያሉት ሁሉም ውህድ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ የ2³³ን ማንም አልወሰነም።