ቁልፉን ከሰጣችኋቸው በኋላስ?

ሰላም እህቴ። «ጅማ ላይ ቦታ የሚሰጠን ሰው አግኝተናል፤ አሜሪካ እንዳሉት የትናንሽ ቤቶች መንደር ለጎዳና ተዳዳሪዎች አሥር ክፍል ብንሠራ ያዋጣል ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ያዋጣል። ግን ቤት መሥራቱ ቀላሉ ነገር ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን እዚሁ ጅማ፣ መርካቶና አዌቱ ወንዝ ዳር ለሚያድሩ ሰዎች ክፍል እየተከራየን ዓመታት ቆይተናል። ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያስገባናቸው ጋሼ የምንላቸው ተሸካሚ ነበሩ። ብዙ ዓመት በረንዳ ነው ያደሩት። ቆጪ አካባቢ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ተከራየንላቸው። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ጀሪካን ገዛን። እልል ብለን አስገብተን ወደየቤታችን ሄድን። በሳምንቱ ማታ ብቅ ስል በሩ ተቆልፏል። ጋሼ ደጁ ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ተኝተዋል። ቁልፉን በሲባጎ አንገታቸው ላይ አስረውታል። «ውስጥ ስሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ማን እንደሚመጣ አልሰማም» አሉኝ። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ጎዳና ላይ ጆሮ ነው የሚያኖረው።

እኛ እኮ የወር ኪራይ ለመክፈል ብቻ ልንመለስ ነበር ያሰብነው! ከዚያ በኋላ በየማታው ተራ ገባን። አከራይዋም ቡና ስታፈላ ትጠራቸው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ክፍላቸው ውስጥ አደሩ።

የአሜሪካኖቹም ምስጢር ይኸው ነው። ዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሎምፒያ ከተማ ያለው ኪሆቲ ቪሌጅ በ2007 በድንኳን ነው የተጀመረው፤ ቤቶቹ የተከፈቱት በ2013 ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። 30 ቤቶች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 13 ካሬ ሜትር ገደማ። መጸዳጃው በየቤቱ ነው፤ ማብሰያው፣ ሻወሩና ልብስ ማጠቢያው የጋራ። ለኛ 13 ካሬ ብርቅ አይደለም፤ ስንቱ ቤተሰብ ልጅ አሳድጎበታል። ከነሱ የምንማረው የቤቱን ስፋት ሳይሆን ሰው ከገባ በኋላ ድጋፉ አለመቋረጡን ነው። ቴክሳስ፣ ኦስቲን ያለው ኮሚዩኒቲ ፈርስት ቪሌጅ ደግሞ ነዋሪው ኪራይ ይከፍላል፣ እዚያው ሠርቶ ገቢ የሚያገኝበትም መንገድ አለ። እናንተም ትንሽም ብትሆን አስከፍሉ። የከፈለ ሰው ቤቴ ይላል።

የጊዜ ገደብ ግን አታስቀምጡ። አንድ አብረነው የሠራን ድርጅት ስድስት ወር ብሎ ገድቦ ነበር። አምስተኛው ወር ሲገባ ብርድ ልብሱ ተሸጠ፣ የተተወው መጠጥ ተመለሰ። የሚወጣ ሰው ለምን ብሎ ግድግዳ ይለስናል?

ከክፍሎቹ በፊት የጋራ ማብሰያ ሥሩ። ይህን በጣም አደራ እልሻለሁ። አንዲት እናት በክረምት ብርዱ ጠንቶባት ከሰል ምድጃ አስገብታ፣ በር ዘግታ ከልጇ ጋር ተኛች። ጎረቤት የልጁን ለቅሶ ሰምታ በሩን ገፍታ ባትገባ ኖሮ አልቆላቸው ነበር። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ በጠባብ ክፍል ደግሞ ቶሎ ይሞላል። እስከዛሬ ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። መስኮት ብቻውን አይበቃም፤ ሲበርዳቸው ይደፍኑታል።

ቦታውስ ካርታ አለው? በቃል በተሰጠ ቦታ ላይ አንድ ቆርቆሮ እንዳትመቱ። ከከተማው ዳር ከሆነም ደጋግማችሁ አስቡበት። ሊስትሮውም ተሸካሚውም እንጀራው መርካቶ ነው፤ የባጃጅ እየከፈለ ከሚመላለስ ተመልሶ በረንዳ ማደር ይቀለዋል።

ከሰፈሩ ዕድር ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጋሼን ለማስመዝገብ ሁለት ጊዜ ተመልሰናል፤ «ነገ ጥሎን ለሚሄድ ሰው» ተብለን። በሦስተኛው አከራይዋ ራሷ ዋስ ሆነችላቸው። አሁን ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ከሚተክሉት አንዱ እሳቸው ናቸው።

ቦታውን ለማየት ስትሄዱ ንገሪኝ፣ ጋሼን ይዣቸው እመጣለሁ። በሮቹ ወዴት መዞር እንዳለባቸው ከኔም ከመሐንዲሱም ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።