ቁም ሳጥኑን ከማሠራትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት ልጆች፤ ቀኑን ሙሉ ስታነሺና ስታስቀምጪ ትውያለሽ፣ ሲመሽ ግን ቤቱ እጅ ያልነካው ይመስላል። «ቤቴ ውስጥ መዋል አስጠላኝ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ቁም ሳጥን ባሠራ እገላገል ይሆን?» ብለሻል። አትገላገዪም። ቀብድ ካልከፈልሽ ተመስገን በዪ፤ ምክንያቱን ቁጥር 3 ላይ በደንብ እነግርሻለሁ።

ስንፍና ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። እኛ ዕቃ የምንይዘው ጓዳ፣ ማድቤትና ደጃፍ ባለው ግቢ ልክ ነው። ያንን ሁሉ ተሸክመን ፎቅ ላይ ወጣን። ትልቁ ድስት፣ ትርፉ ፍራሽ፣ የእናት ሞሰብ፣ «ለእንግዳ» የተባለ ሁሉ አብሮ ወጣ። የቀረው ግቢው ብቻ ነው።

1. ከመስኮቱና ከበረንዳው ጀምሪ። ሁሉም ሰው ከልብስ ይጀምራል፤ ልብስ ደግሞ ለመወሰን ከሁሉም ከባዱ ስለሆነ ሰኞ ተጀምሮ ማክሰኞ ይተዋል። መስኮቱን የሸፈነውን ክምር ብታነሺ ግን በግማሽ ሰዓት ብርሃን ገብቶ ልብሽም ይነሳሳል። ከዚያ በላይ የከሰሉ ነገር አለ። ቡና በከሰል የምታፈዪ ከሆነ፣ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ አደጋው ያለፈ ይመስላል። አላለፈም። ከቀላ ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። የቡናው ቦታ ሁልጊዜ ከሚከፈት መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ምድጃው ሳይጠፋ ማንም አይተኛ። ልጆቹ ራሳችንን አመመን፣ አቅለሸለሸን ካሉ መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጫቸው።

በረንዳው ላይ ደግሞ ከብረቱ ተጠግቶ የተቀመጠ ጀሪካን፣ ሳጥን ወይም ስባሪ ወንበር ለትንሽ ልጅ መሰላል ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ይህ የሚያድር ሥራ አይደለም፤ ዛሬ ማታ አንሺው፣ ሌላው ይደርሳል።

2. ሦስት ማዳበሪያ ያዢ። አንዱ ለሚሰጥ፣ አንዱ ለሚሸጥ፣ አንዱ ለሚያጠራጥር። የሚያጠራጥረውን አፉን አስረሽ ቀኑን ጻፊበት። ሦስት ወር ማንም ካልፈለገው ሳትፈቺው ስጪው፤ ከፈታሽው ግማሹ ተመልሶ ይገባል። በአንድ ጊዜ አንድ መሳቢያ ወይም አንድ መደርደሪያ ብቻ፣ ከ40 ደቂቃ ሳይበልጥ። ቤቱን ሁሉ መሬት ላይ ከዘረገፍሽው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መሀሉ ላይ ይደርሱብሻል፣ ማታ ሁሉንም በደመ ነፍስ ወደነበረበት ትከቺዋለሽ።

የሚሸጠውን ቁራሌው በር ላይ ሲደርስ በችኮላ አታውጪው። ሰብስበሽ አቆዪና ለሁለት ሰው አሳዪ፤ ዋጋው የሚለየው እዚያ ላይ ነው። መዳብ፣ አሉሚኒየምና ብረት ለየብቻ ይሁኑ። ተደባልቀው ሲሸጡ ሁሉም በብረት ዋጋ ይሄዳል። ከአሮጌ ስልክ ሲሙንና ሚሞሪውን አውጪ፣ የኮትና የቦርሳ ኪስ በሙሉ ፈትሺ፣ መጽሐፍና ደብተር ቅጠል በቅጠል አራግፊ። ከልዋጭ ጋር ደግሞ ተጠንቀቂ። አሮጌ ጫማና ልብስ ሰጥተሽ ሳፋና ጆግ ትቀበያለሽ፤ ቦታ ለማግኘት ተነስተሽ አራተኛ ሳፋ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ልብሱ የሚለበስ ከሆነ ለሚለብሰው ሰው አጥበሽ ስጪ፤ የማይለበሰውን ቀደሽ መወልወያ አድርጊው።

ለትልልቁ ድስትና ለ40 ሰው ሳህን ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ እድር። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም፣ ሳህኑም እዚያ አለ፣ ወርሃዊ መዋጮ የምትከፍዪው ለዚህም ጭምር ነው። በዓመት አንድ ቀን ለሚወጣ ድስት ዓመቱን ሙሉ የአልጋ ሥር አትስጪ። ለቤትሽ ለሰው ሁለት ሁለት ሳህን፣ 12 ሲኒ፣ አንድ ትልቅ፣ ሁለት መካከለኛና አንድ ትንሽ ድስት ይበቃሻል። የእናትሽ ሞሰብ ግን ይቆይ። ይቆይ ስል ግን እንጀራ ይቀመጥበት፣ ይበላበት ማለቴ ነው፤ ቁም ሳጥን አናት ላይ በፌስታል ታስሮ አቧራ እንዲጠጣ አይደለም።

3. ቁም ሳጥኑ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ አብረን እናስላው። መኝታ ቤትሽ ሦስት በሦስት ነው እንበል፤ 9 ካሬ። ባለ ሜትር ከሃምሳ አልጋ 3 ካሬ ያህል ይወስዳል። ቁም ሳጥኑ ርዝመቱ 2.40፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲሜትር ቢሆን አንድ ካሬ ተኩል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ሌላ 50 ሳንቲሜትር ይጠይቃል። በአልጋውና በበሩ መካከል ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ውስጡ ምን ይገባል? አሁን የሚያስጨንቅሽ ያው ዕቃ፣ ሳይቀነስ። ዕቃ የሚይዝ ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት የሚያዘውን ካልቀነስሽ፣ ክምሩን በር ገጠምሽለት እንጂ አላነሳሽውም።

ሁለተኛው ነገር ሻጋታ ነው፣ በዚህ ብዙ ቤት ተጎድቷል። አናጢው የሚመርጥልሽ ሰፊውን ግድግዳ ነው፤ ሰፊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የውጭው ግድግዳ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያ ግድግዳ ይቀዘቅዛል። አምስት ሰው ተንፍሶ ያደረበት፣ ልብስ የተሰጣበት ቤት አየር እርጥብ ነው፤ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነፋስ ስለማይገባ ውሃው እዚያው ይቀመጣል። ጀርባው ስስ ሰሌዳ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይጠቁራል፣ ከዚያ ጋቢውና ብርድ ልብሱ ይሸታል። ቺፑድ ደግሞ በሙጫ የተጋገረ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። አንዴ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም፤ ያበጠው ቦታ ላይ ብሎኑ አይነክስም፣ የበሩ ማጠፊያ ይወድቃል።

ስለዚህ የግድ ከሆነ እንዲህ አሠሪው። ከውስጥ ግድግዳ ጋር ይሁን፣ ካልተቻለ ከውጭው ግድግዳ 10 ሳንቲሜትር ይራቅ። ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ከፍ የሚያደርግ የብረት ወይም የፕላስቲክ እግር ይኑረው፣ ወለል ስታጥቢ ውሃ እንዳይነካው። ቺፑዱ 18 ሚሊ፣ ጠርዙ በሙሉ የተለበጠ መሆኑን በዓይንሽ እዪ፤ ከታችና ከኋላ ያለውን የማይታይ ጠርዝ ሳይለብጡ መተው የተለመደ ነው፣ ውሃ የሚጠጣውም እሱ ነው። ጀርባው ላይ ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳ ይበሳ። ተበታትኖ ወጥቶ ቤት ውስጥ ይገጠም፤ ሊፍት በሌለው ፎቅ የተገጠመ ቁም ሳጥን የደረጃው መጠምዘዣ ላይ አይዞርም። ቀብዱ ከሲሶ አይብለጥ፣ ልኩ፣ ውፍረቱና የማስረከቢያው ቀን በወረቀት ይጻፍ። ግማሹን የተቀበለ አናጢ ሌላ ሥራ ይጀምርበትና «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ሰውን ወር ያመላልሳል። በዚህ ስንት እናት እንደተንገላታች አውቃለሁና አጥብቄ ነው የምነግርሽ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን በር የሌለው፣ ጥልቀቱ 35 ሳንቲሜትር የሆነ መደርደሪያ ይሻልሻል። 60 ሳንቲሜትር የሚያስፈልገው ለሚሰቀል ልብስ ብቻ ነው፤ ታጥፎ ለሚቀመጥ 35 ይበቃል። ለሚሰቀለው አንድ ሜትር ብረት፣ ለቀረው መደርደሪያ። ዋጋው ያንሳል፣ ነፋስ ያገኛል፣ ከሁሉም በላይ ግን የሞላው ይታይሻል። በር የሌለው ነገር አይዋሽሽም።

ሻጋታ አሁንም ካለ በረኪና ባለው ውሃ ጥረጊው፣ መስኮት ከፍተሽ፣ ጓንት አድርገሽ። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ልተወው፣ ነገሩ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው።

ውሃ። በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ለሰው በቀን 20 ሊትር ያዢ፤ ለአምስት ሰው ለሁለት ቀን 200 ሊትር፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 10 ማለት ነው። 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ግን ያን ሁሉ ውሃ ከ60 ሳንቲሜትር በማይበልጥ ስፋት ላይ ያስቀምጥልሻል። ሲሞላ 200 ኪሎ ስለሆነ በረንዳ ላይ ሳይሆን ሽንት ቤት ወይም ማድቤት ጥግ ይቁም፣ ክዳኑ ልጅ የማይከፍተው ይሁን። ክዳን የሌለውን፣ የሚያፈስሰውን፣ ዘይት የነበረበትን ጀሪካን ሁሉ ሽጪ።

ጤፍ እህሉ አይነቅዝም፣ እርጥበት እንዳያገኘው ብቻ ከወለሉና ከግድግዳው አርቀሽ እንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጪ። ዱቄቱ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ አይደር፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ አስፈጪ። በርበሬና ሽሮም የዓመቱን በአንድ ጊዜ ማዘጋጀት ለሰፊ ጓዳ ነው። የሦስት ወር ይበቃል። በርበሬው በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨና ከታሸገ ይሻግታል፣ የሻገተን በርበሬ ደግሞ ማድረቅና ማመስ አያድነውም፤ ይጣላል።

ወረቀት። ማዳበሪያውን ከመሸጥሽ በፊት ይህን ሥሪ። አንድ ወፍራም ክላሴር ግዢ፤ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤቱ ውል፣ ብድሩ ካላለቀ የባንክ ክፍያ ደረሰኝ በሙሉ ይግባ። እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ለባለቤትሽም ላኪ። በጽዳት መሀል ከጋዜጣ ጋር የተሸጠች አንዲት ወረቀት ስንት ቀን እንደምትበላ የሚያውቀው የተመላለሰ ነው። መጀመሪያ የፖሊስ ማስረጃ አምጪ ትባያለሽ፣ ከዚያ ሰልፉ፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ስትደርሺ ቀና ብሎ ሳያይሽ «ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ» የሚል ሰው። ልጅ አዝላ የቆመችን እናት እንዲህ መመለስ ነውር ነው፣ ግን ይደረጋል፤ አንቺ ግን በአንድ ክላሴር ታመልጪዋለሽ።

ጋቢና ብርድ ልብስ ሳይታጠብ አይቀመጥ፤ ተባይና ሻጋታ የሚወዱት ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ነው። ናፍታሊን ልጅ ባለበት ቤት አታስገቢ፣ በተለይ የሕፃን ልብስ ውስጥ፤ ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል፣ ለአንዳንድ ሕፃን ሽታው የያዘው ልብስ ብቻ እንኳ ደም ይጎዳል። ልብሱን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀሽ ባዶውን መደርደሪያ ጢንጅት አጥኚበት።

ጊዜውንም ልንገርሽ። ጳጉሜን ላይ ቤት ማጽዳት ያደግንበት ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል፤ አምስት ቀን አለ፣ በየቀኑ አንድ ጥግ። ግን ጳጉሜን ላይ መለየትና ማውጣት ብቻ ይሁን። ዝናቡ ስላልወጣ ያጠብሽው ብርድ ልብስ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይሸታል። ወፍራም ወፍራሙን ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ላይ እጠቢው።

አሁን «መዋል አስጠላኝ» ወዳልሽው ልመለስ፤ ዋናው እሱ ነው። ሳሎንሽ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ አስቢ። ብፌው ሜትር ተኩል ይዟል፣ ውስጡ ያለው ብርጭቆ ማንም ሳይጠጣበት ልጆቹ አደጉ። ብርጭቆውን አውጪና ጠጡበት። ብፌው ሲሸጥ በቆመበት ግድግዳ ሥር ሁለት ነገር ይገባል፤ ልጆቹ የሚያጠኑበት ጠረጴዛና፣ በሚከፈተው መስኮት በኩል፣ የቡናሽ ቦታ። ረከቦቱ እየተነሣ የሚቀመጥ ሳይሆን ቋሚ ቦታ ይኑረው። ቡና ለማፍላት መጀመሪያ ክምር ማንሳት ካለብሽ አቦሉን እንኳ ሳትጠጪ ይደክምሻል። ቦታው ክፍት ሆኖ ከጠበቀሽ ግን ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብለሽ ልጅሽ ደብተሩን ሲያሳይሽ ትሰሚዋለሽ።

ያንን ቦታ ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ከእራት በፊት ያለ 15 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በላይ አትሥሪ። ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ አንድ ዘንቢል ስጪ፤ መሬት ላይ የተገኘ የእሱ ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል፣ ዘንቢሉ ሲሞላ ራሱ ይቀንሳል። አራት ዓመት የሞላው ጫማ ይደረድራል፣ ሰባት የሞላው ሳህን ያነሣል። ባለቤትሽም በዚያው 15 ደቂቃ ውስጥ የራሱ ሥራ ይኑረው፤ «ልርዳሽ» ብሎ አይጠይቅ፣ ቤቱ የእሱም ነው።

ቀብዱን ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ አትደንግጪ። ቺፑዱ ካልተቆረጠ ዛሬውኑ ደውዪና ትዕዛዙን ወደ 35 ሳንቲሜትር መደርደሪያ ለውጪው። የግድግዳውን ርዝመትና የመስኮቱን ቦታ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የት እንደሚቆም አብረን እናያለን።