ፀሐይና የተበከለ ውኃ፦ ጠይቁኝ

የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ በፀሐይ ሳጣራ ዓመታት ፈጅቻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ጥያቄ፦ ውኃ በሃይላንድ ሞልቼ ጣራ ላይ ባሰጣው ፀረ ተባይ ኬሚካሉም ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም እህቴ። ጥርት ያለ ውኃ ከሆነ 6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ጀርሙን ይገድላል፤ ደመና ከሆነ 2 ቀን። ኬሚካሉ ግን እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይጨመርበት?

መልስ፦ ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። ፌንተን የሚባል ኬሚስት በ1894 የጻፈው ነገር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጠራል፤ ዕድሜው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ፣ ግን ያገኘውን ካርቦናም ነገር ሁሉ የሚቦጫጭቅ ጉድ ነው። ብረቱ ሥራውን ሠርቶ ሲደክም ፀሐይ መልሳ ታነቃዋለች፣ ስለዚህ ትንሽ ብረት ብዙ ይሠራል። ችግሩ ፒኤች (የአሲድነት ልክ) 2.8 አካባቢ ይፈልጋል፤ እንደ ሎሚ የኮመጠጠ በሉት። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ደግሞ ባይካርቦኔቱ ብዙ ነው። አሲዱን ይበላል፣ የተረፈውን ራዲካል ይሻማል።

ጥያቄ፦ ሰማያዊው ቀለም በ20 ደቂቃ ድራሹ ጠፋ። ተሳካልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አትቸኩል ወንድሜ፣ እኔም እንዲህ ጨፍሬ ነበር። ብልቃጡ እንደ ምንጭ ውኃ ኩልል ብሏል፤ ሲኦዲውን (ቆሻሻው ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈልግ የሚያሳየውን ልክ) ስለካው ከመነሻው በልጦ ቁጭ! ለካ የተረፈው ፐርኦክሳይድ ራሱ ሲኦዲ ሆኖ ይቆጠራል። መጀመሪያ እሱን አስወግድ። ደግሞም ቀለም ጠፋ ማለት ቀለም የሚሰጠው ቁራጭ ተሰበረ ማለት እንጂ ስብርባሪው ወጣ ማለት አይደለም። ቲኦሲ (ውኃው ውስጥ የቀረውን ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን) ለካ።

ጥያቄ፦ በረኪናስ?

መልስ፦ ተው! ክሎሪን ከኦርጋኒክ ቆሻሻ ጋር ሲገናኝ እንደ ክሎሮፎርም ያለ ሌላ ጣጣ ይወልዳል።

ጥያቄ፦ የዝዋይ አካባቢ ፍሎራይድን ያወጣል?

መልስ፦ ፍሎራይድ የሚቃጠል ነገር የለውም። ለሱ የአጥንት ከሰል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለአበባ እርሻስ ያዋጣል?

መልስ፦ ስፔን፣ አልሜሪያ ውስጥ የፀረ ተባይ ዕቃ የታጠበበትን ውኃ በዚሁ መንገድ አጣርተዋል፤ ቱቦ ከነመስታወቱ ፀሐይ ላይ ዘርግተው። ትንሽና የተከማቸ ፍሳሽ ከሆነ አዎ። ወንዝ ሙሉ ከሆነ የፐርኦክሳይዱን ሒሳብ አትችለውም።

ጥያቄ፦ ማታ ይቆማል?

መልስ፦ አይቆምም፣ ያዘግማል። እኔ ማታ ትቼው ገብቼ ጠዋት ነው የምቀጥለው።