ደጋሌቱን ልገልብጠው ወይስ ልጠብቅ?

ሰኔ ሲገባ ከራያ ቆቦ ሜዳ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «ሚያዝያ ላይ በበልጉ ዝናብ ደጋሌት የሚባለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ዘርቼ ነበር። በቅሎ ካስደሰተኝ በኋላ ዝናቡ ጠፋ። አሁን ማሳው ቦታ ቦታ ላይ ራቁቱን ቀርቷል፤ የተረፈውም ቅጠሉን ጠቅልሏል። በሬዲዮ ደግሞ ዘንድሮ ክረምቱ ከመደበኛ በታች ሊሆን ይችላል ሲባል ሰማሁ። ገልብጬ ቶሎ የሚደርስ ልዝራ ወይስ ሐምሌን ልጠብቅ? በሬዎቹንስ ማሳው ላይ ልልቀቃቸው?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። በሬዎቹን አይልቀቁ! ድርቅ የመታው ለጋ ማሽላ ሲታኘክ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይለቃል። ከብቱ ትንፋሽ አጥሮት ብዙም ሳይቆይ ሊወድቅ ይችላል። ዝናብ ሲመለስ ከሥር የሚያቆጠቁጠው ለምለም ቡቃያ ደግሞ ይብሳል። ለዓይን የሚያጓጓውም እሱው ነው። የግድ ማብላት ካለብዎት አጭደው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት፤ ሲደርቅ መርዙ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሬዲዮው። «ከመደበኛ በታች» ማለት አይዘንብም ማለት አይደለም። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ዕድል ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ የመጨረሻው 45 በመቶ ነው ቢባል፣ 55 በመቶው መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ የመሆን ዕድል ነው። ደግሞም ትንበያው የሚናገረው ከሰኔ እስከ መስከረም በሰፊ አካባቢ ስለሚወርደው ድምር ነው። ዝናቡ ሐምሌ 1 ይግባ ሐምሌ 20፣ ነሐሴ ላይ ለ2 ሳምንት ይጥፋ አይጥፋ አይነግርዎትም። ማሽላን የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ክፍተት ነው።

ትንበያውን ይናቁት እያልኩ አይደለም። የ2007 ዓ.ም. ክረምት ከዓይኔ አይጠፋም። ያኔ የፓስፊክ ውቅያኖስ በምድር ወገብ አካባቢ ከልክ በላይ ሞቆ ነበር፤ ኤልኒኞ የምንለው ነው። ኤልኒኞ ሲበረታ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ይደክማል። በቀጣዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በወረደች አንዲት ዝናብ ዘራቸውን ሁሉ የበተኑ ሰው ማሳ ላይ ቆሜ አፈሩን በጣቴ ጫርኩት። ዘሩ አብጦ፣ ጫፉ ላይ ነጭ አውጥቶ፣ እዚያው ደርቆ አገኘሁት። ጎተራቸው ውስጥ ሌላ ዘር አልነበረም።

ስለዚህ ይገለበጥ አይገለበጥ የሚለውን ማሳዎ ይመልሰው። 4 ሜትር ገመድ ይውሰዱና ጎኑ 1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሥሩ። ዓይንዎ የወደደውን ሳይመርጡ 10 ቦታ ላይ ጣል እያደረጉ በውስጡ ያለውን ቡቃያ ይቁጠሩ። የተጠቀለለውን ሞቷል ብለው አይለፉት። ማሽላ ቅጠሉን የሚጠቀልለው ውሃውን ለመቆጠብ ነው። አንዱን ነቅለው ከሥሩ በላይ ያለውን አገዳ በምላጭ በቁመቱ ይሰንጥቁት። ልቡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ዝናብ ሲያገኝ ይነሳል። ቡናማ ሆኖ ከላሸቀ አልቆለታል።

በካሬ ሜትር 4 እና ከዚያ በላይ ሕይወት ያለው ካገኙ አይንኩት። ጥሩ የሚባል ማሳ እንኳ ከ7 እስከ 9 ቢይዝ ነው፤ የሳሳው ደግሞ ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ እያወጣ ያካክሳል። ከ2 በታች የሆነውን ክፍል ብቻ ለይተው ይገልብጡ። በ2 እና በ4 መካከል ያለውን እኔ ብሆን ሰኔን አቆየዋለሁ። ደጋሌት ለእንጀራው ብቻ አይደለም፤ አገዳው ለከብትም ለማገዶም ነው። ቶሎ የሚደርሱት አጭር ናቸው፣ ያን ያህል አገዳ አይሰጡዎትም።

በተገለበጠው ላይ «መልካም» ወይም «ግራና-1» የሚባሉትን ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች ይዝሩ። 4 ወር ገደማ ይበቃቸዋል። ደጋሌትን ግን ሐምሌ ላይ ደግመው እንዳይዘሩ አደራ። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይሄዳል፣ እሱ ገና ዘለላ አላወጣም። ሐምሌ ከተጋመሰ ወደ ጤፍ ወይም ወደ ማሾ ይዙሩ።

መቼ ልዝራ ካሉ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ሜዳ ላይ ያስቀምጡ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከሞላ፣ አፈሩንም ሲቆፍሩ እርጥበቱ አንድ ስንዝር ገደማ ከወረደ ይዝሩ። ከዚያ ያነሰ ዝናብ አቧራ ቢያጠፋ ነው።

የእናንተ ሜዳ ደግሞ ሌላው ቆላ የማያገኘው ነገር አለው። በስተምዕራብ ካለው ተራራ የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ጎርፍ ይዘው ይወርዳሉ። ማሳዎ ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ከዘነበ ውሃ ሊደርስዎት ይችላል። የጎርፍ መጥለፊያ ቦዩን ከጎረቤት ጋር ሆነው ከአሁኑ ይጥረጉት። ሽልሻሎ ሲያደርጉም፣ ማለትም የበቀለውን ማሽላ መሃል ለመሃል በበሬ ሲያርሱ፣ ትልሙን በየ2 እና 3 ሜትሩ በአፈር ይገድቡት፤ የወረደው ውሃ እዚያው ይሰርጋል። ጥቁር አፈር ላይ ውሃ ከተኛ ግን ግድቡን ቶሎ ይክፈቱት።

ዩሪያውን ማሽላው ጉልበት እስኪደርስና አፈሩ እስኪረጥብ ያቆዩት። ዘሩን ግን ዛሬውኑ ይጠይቁ። ለ1 ጥማድ በመስመር ከዘሩ 3 ኪሎ ይበቃዎታል። ሐምሌ ከገባ ወረፋው ይረዝማል፣ ያለው ዘርም ያልቃል።