ድንጋይ ጠርቦ ስለት ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለጀማሪ የትኛው ድንጋይ ይሻላል? በሰፈራችን ያለው ጥቁር ድንጋይ እንቢ ብሎኛል።

መልስ፦ የጥንት ሰዎች ከጥቁር ድንጋይም ብዙ መሣሪያ ሠርተዋል፤ ነገር ግን ሸካራ ስለሆነ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ባልጩት ግን የቀለጠ ዐለት ፈጥኖ በመቀዝቀዙ የተገኘ የተፈጥሮ መስታወት ስለሆነ ለምት ቶሎ ይታዘዛል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ከተገኘበት ከመልካ ቁንጡሬና ከአጠገቡ ካለው ባልጪት ከተባለው ስፍራ ግን አንዲት ስባሪ እንኳ እንዳያነሡ አደራ እላለሁ። ስፍራው በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከቦታዋ የተነሣች ስባሪ ለተመራማሪ የምትናገረው ታሪክ ይጠፋል። ለመለማመጃ የወፍራም ጠርሙስ መቀመጫ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ድንጋዩን በቢላዋዬ ልጥረበው?

መልስ፦ አይሆንም፤ የቢላዋው ስለት ይሸረፋል፣ ድንጋዩም አይጠረብም። የቢላዋ ሥራ የተጠረበው ድንጋይ በሚሰካበት የእንጨት እጀታ ላይ ነው፤ እጀታውን ለመላግ፣ ድንጋዩ የሚገባበትን ስንጥቅ ለማውጣትና ማሰሪያውን ጠፍር ለመቁረጥ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ስመታው ይፈረካከሳል እንጂ ስለታም ስንጣሪ አይወጣልኝም። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው ኃይል ያነሰው ይመስለዋል፤ የሚያንሰው ግን ማዕዘኑን ማየት ነው። የሚመታው ገጽና ስንጣሪው የሚላቀቅበት ጎን የሚገናኙበት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ያነሰ መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ምቱ ወደ ድንጋዩ ሆድ ገብቶ ይቀራል ወይም ያደቀዋል። ከመምታትዎ በፊት የጠርዙን ቀጭን ከንፈር በሻካራ ድንጋይ አሸት አሸት ያድርጉት። ከዚያም ወንዝ ያለሰለሰውን ድቡልቡል ጠጠር ይዘው ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ይምቱ፤ ስንጣሪው የሚላቀቀው ከታች በኩል ነው። በትክክል ከወጣ፣ ምቱ ካረፈበት ሥር ትንሽ እብጠት፣ ከእርሷም የሚነሡ የውኃ ሞገድ የመሰሉ ክብ መስመሮች ይታያሉ። በአፋር ጎና በተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ ስንጣሪዎች ላይም ይህችው እብጠት አለች፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ጥያቄ፦ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

መልስ፦ የዓይን መከላከያና ወፍራም የቆዳ ጓንት ያድርጉ፤ ጭንዎ ላይ ቆዳ፣ መሬቱ ላይ ጆንያ ያንጥፉ። ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ነፋሱ ከጀርባዎ ይሁን። የባልጩት ስለት ሲቆርጥ አያስታውቅም፤ እኔ አንድ ጊዜ አውራ ጣቴን መቆረጤን ያወቅሁት ጆንያው ላይ ደም ሳይ ነው። ስብርባሪውን ሁሉ ሰብስበው ሰውና ከብት በማይደርሱበት ይቅበሩ።

ጥያቄ፦ ይህን ሙያ እስከ ቅርብ ጊዜ የያዘ ሰው አለ?

መልስ፦ አለ። በአገራችን ደቡብ፣ በኮንሶ ሴቶች፣ በጋሞ ደግሞ ወንዶች፣ ቆዳ የሚፍቁበትን ድንጋይ ራሳቸው እየጠረቡ ኖረዋል። ማኅበረሰቡ ቆዳ ፋቂ እያለ ሲያገልላቸው መኖሩ ያሳዝነኛል፤ የዓለም ተመራማሪዎች የጥንቱን ዘመን ለመረዳት የሄዱት ወደ እነርሱ ነውና። የኮንሶዋ እናት ድንጋዩን በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ታጣብቃለች፤ ሲዶለዱም ከእጀታው ሳትነቅል ጠርዙን በትንንሽ ምት ታድሰዋለች፤ እንዲህ እያለ አጥሮ ሙጫው ዘንድ ሲደርስ ነቅላ በሌላ ትተካዋለች።