«ስኳር ካንሰሩን ይመግበዋል» ሲሉኝ እናቴን ምግብ ከለከልኳት

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ አሁን ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እየወሰደች ነው። ካንሰር የሚኖረው በስኳር ስለሆነ ጉልበቱን ካሳጡት ይሞታል የሚል ቪዲዮ አይቼ ስኳር፣ ማር፣ አጥሚትና እንጀራ ከለከልኳት። በጣም ከሳች፤ መቀነቷ አንድ ዙር ጨምሯል። ግላኮማ የሚባል የዓይን ነርቭ በሽታም አለባት። እዚያው ቪዲዮ ላይ ቫይታሚን ቢ3 ለዓይን ነርቭ ኃይል ይሰጣል ስለተባለ ኪኒኑን አስመጥቼ ጠብታውን ለጊዜው አቆምን። በቀደም ሌሊት ብርድ ብርድ ብሏት ስትንቀጠቀጥ ምች ነው ብለን ዳማከሴ ሰጠናት፣ ተሻላት። ያጠፋሁት ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ በስተጀርባ ያለው ፍርሃት ገብቶኛል። «በገዛ እጄ ካንሰሩን እየቀለብኩት ይሆን?» ነው ነገሩ። አይደለም። አንቺ ያጎረስሻቸው እንጀራ እጢውን አላሳደገውም። ቡናቸው ላይ የጨመርሽው ስኳርም በሽታውን አላመጣባቸውም። ይህን ጸጸት ከትከሻሽ አውርጂው።

ቪዲዮው የሚያሳምነው ከእውነት ስለሚነሳ ነው። ኦቶ ቫርቡርግ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ የካንሰር ሴሎች ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር በብዛት እንደሚፈጁ አሳይቷል። ኦክስጅን እያላቸው እንኳ ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ፔት ስካን የሚባለው ምርመራም የሚሠራው በዚሁ ነው። ጨረር ያለው ግሉኮስ መሰል ነገር በደም ሥር ይሰጣል፤ ብዙ የሳበው ቦታ ምስሉ ላይ ጎልቶ ይታያል። እስከዚህ ልክ ነው። «ስለዚህ አትብሉ» የሚለው ግን ከዚህ አይከተልም።

ለምን መሰለሽ? የደም ስኳር በአፍ በሚገባው ብቻ አይወሰንም። ሰው ሲራብ ጉበት ራሱ ስኳር ይሠራል። መጀመሪያ ካከማቸው ያወጣል። ያ ሲያልቅ ጡንቻ እየፈረሰ ወደ ስኳር ይለወጣል። ቀይ የደም ሴሎች ያለ ግሉኮስ መኖር አይችሉም፤ አንጎልም አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው ከእሱ ነው። ስለዚህ ሰውነት የደም ስኳር ዝም ብሎ እንዲወርድ አይፈቅድም። እጢውም ድርሻውን ከዚያው ይወስዳል። ቢያንሰው ደግሞ ግሉታሚን የሚባል አሚኖ አሲድና ስብ ይጠቀማል። መዥገሩን በረሃብ እገድላለሁ ብሎ ላሚቱን ማስራብ ማለት ይሄ ነው። ያ አንድ ዙር መቀነት ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከእጢው አይደለም። ከእናትሽ ጭንና ክንድ ነው። ሰውነታቸው ሲደክም ደግሞ የኬሞው ቀን ወደ ኋላ ይገፋል ወይም መጠኑ ይቀነሳል። ያኔ የተጠቀመው ካንሰሩ ነው።

የሴልን የኃይል አሠራር በመድኃኒት መምታት ግን ተረት አይደለም። አይዲኤች የሚባለው ኢንዛይም (የሴልን ሥራ የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን) የተበላሸባቸው አንዳንድ የደም ካንሰር ታማሚዎች እሱኑ የሚያግድ መድኃኒት አላቸው። የመጀመሪያዎቹ አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2017 እና 2018 ተፈቅደዋል። ይህ የተበላሸውን አንድ ኢንዛይም ነጥሎ መምታት እንጂ ሰውን ማስራብ አይደለም። ነገ ደግሞ «ሜትፎርሚን ስጫት» የሚልሽ አይጠፋም። ይህ የስኳር በሽታ ኪኒን፣ ስኳር በሌለባቸው 3,649 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2022 ወጥቷል። በሽታው እንዳይመለስ አልረዳም። አትግዢ።

ይብሉ። እንጀራ በሽሮ፣ አጥሚት፣ በሶ፣ እንቁላል፣ የተፈላ ወተት። አፋቸውን ደስ ያለው፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ማርም ይላሱ። የስኳር በሽታ ካለባቸው ብቻ የምግቡን ነገር ከሐኪማቸው ጋር አስተካክሉት። «ጾም ነው» ካሉሽ የንስሐ አባታቸውን ጥሪ። እኔ ብናገር አይሰሙኝም፣ እሳቸውን ይሰማሉ።

አሁን ወደ ዓይናቸው። እዚህ ላይ ግን ተናድጃለሁ። «ለጊዜው አቆምን» ምን ማለት ነው? ግላኮማ አያምም፣ አያቀላም፣ ዝም ብሎ ነርቩን ይበላል። የጠፋው ዕይታ ደግሞ በጠብታም በቀዶ ሕክምናም አይመለስም። ጠብታው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የቀረውን ያቆይላቸዋል፤ ሥራው ይሄው ነው። የዓይን ነርቭ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል የተባለው እውነት ነው። ኒኮቲናማይድ የሚባለው የቢ3 ዓይነትም በግላኮማ ላይ እየተጠና ነው። የሚጠናው ግን ከጠብታው ጋር ተጨምሮ እንጂ በጠብታው ፋንታ አይደለም። ኒኮቲኒክ አሲድ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በብዛት ሲወሰድ ፊት ያቃጥላል፣ ጉበት ይጎዳል፣ አንዳንዴ የዓይኑን የውስጥ ክፍል ያሳብጣል። ለዓይን ብለሽ ዓይን ልትጎጂ! ያስመጣሽው የትኛው እንደሆነ እንኳ አልጻፍሽም። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ሐኪሙ የማያውቀው ኪኒን አይሰጥም። ኪኒኑን አቁሚ፤ ጠብታውን በታዘዘው መሠረት ዛሬ ማታ ጀምሩ። ብልቃጡ ከተከፈተ ወር ካለፈው አዲስ ግዙ። ደብረ ብርሃን ስትወርዱም የዓይን ግፊታቸው ይለካ።

የሌሊቱ መንቀጥቀጥ ከሁሉም ይብሳል። እንኳን ተረፉ። ኬሞ ነጭ የደም ሴሎችን ያሳንሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ። ያኔ የሚመጣ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ግዢ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ሳያሳይም ካንቀጠቀጣቸው፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ናችሁ። ዳማከሴ የለም። «ፓራሲታሞል ሰጥተን እንይ» የለም። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን የለም። መኪና እስኪገኝ እንጂ እስኪነጋ አትጠብቂ። አዲስ አበባ ድረስም አትቸኩዪ፤ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ እዚያው መሐል ሜዳ ይጀመር። በሩ ላይ የምትናገሪው የመጀመሪያ ነገር «ኬሞ ላይ ናት» የሚል ይሁን። ካላልሽ ወረፋ ያስይዙሻል።

ቀጣዩ ኬሞ ከመሰጠቱ በፊትም የዚያን ሌሊቱን ነገር ሳትደብቂ ለሐኪማቸው ንገሪ። ኪኒኑንም ከነብልቃጡ ይዘሽ ሂጂ።